«ትናንት ሠርቷል» ለዛሬ ዋስትና አይሆንም

ዛሬ የማወጋችሁ እንደ ወትሮው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት አይደለም፤ ስለ አውሮፕላን ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አውሮፕላን ያወቀችው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተ ማዕድ ቤት ድረስ ይመጣል።

ባለፈው ክረምት ልጄን ልጠይቅ ጀርመን ሄጄ ሁለት ወር ያህል ቆይቻለሁ። ልጄ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው በፍራንክፈርት አካባቢ ነው። እዚያ የሐበሻ ሰው ስለማይጠፋ እንጀራም በርበሬም አልቸገረኝም። ቡናዬን እያፈላሁ፣ የልጅ ልጆቼን እያየሁ ልከርም ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ቤቱ ጭር ይላል። ለካ ትልቁ የልጅ ልጄ፣ የ15 ዓመቱ ጎረምሳ፣ የግላይደር ክለብ አባል ሆኖ ኖሯል። አባቱ ያደርሰዋል፤ ትንሿ እህቱም ትከተላለች።

ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ክንፉ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ልክ እንደ ጭልፊት በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። መሬት ላይ ባለ ዊንች በረጅም ገመድ ተጎትቶ ወይም በሌላ አውሮፕላን ተስቦ ይነሳል፤ ከዚያ ገመዱ ይለቀቅና ብቻውን ይቀራል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚወጣውን አየር እያሳደደ ከፍ ይላል። ጥሩ ግላይደር ከ1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ምንም የሚረዳው አየር ባያገኝ እንኳ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሊንሸራተት ይችላል። በአውሮፓ ሕግ አንድ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው፣ አስተማሪው ብቁ ነህ ካለው፣ ግላይደር ብቻውን ማብረር ይፈቀድለታል። ይህን መጀመሪያ በስልክ ስሰማ ደንግጬ ነበር። እኔ በ14 ዓመቴ ብቻዬን ገበያ አልላክም ነበር!

አንድ ቀን ቫሰርኩፐ ወደሚባል ተራራ ወሰዱኝ። የግላይደር መወለጃ የሚባል ቦታ ነው። ከፍታው 950 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እዚያ የግላይደር ሙዚየም አለ። የመጀመሪያው ውድድር በተራራው ላይ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመኖችን ባለሞተር አውሮፕላን እንዳይሠሩ ስለገደባቸው ወጣቶቹ ሞተር በሌለው ተጉ። ከእነሱ በፊት ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል ሰው በሠራቸው ክንፎች ከኮረብታ ላይ እየተንሸራተተ ብዙ ጊዜ በርሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ወድቆ ሞተ። የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። እናቱ ግን የሊሊየንታልን አሟሟት ስትሰማ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ምንም አልተናገረችም፤ እኔ ግን አየኋት።

ግላይደር ሞተር ምን ያደርግለታል?

ክለቡ ውስጥ ሞተር የሌላቸውም ያላቸውም ነበሩ። «ግላይደር ሞተር የለውም አላልከኝም?» ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ፣ ባለሞተር ግላይደርም አለ» አለኝ። አንዳንዱ እንደ ማንኛውም ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ አፍንጫው ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሞተሩ ከአብራሪው ጀርባ ሆድ ውስጥ ታጥፎ ይተኛል። ሲፈለግ እንደ ጃንጥላ እጀታ ብድግ ይላል፤ ጫፉ ላይ ያለው ፕሮፔለር ይሽከረከራል፤ አውሮፕላኑ ያለ ዊንች ራሱን ችሎ ይነሳል። ከፍታ ከያዘ በኋላ ሞተሩ ይጠፋና ታጥፎ ይገባል። አየሩ ከዳው ደግሞ እንደገና አውጥቶ አስነስቶ ወደ ቤት ይመለሳል።

የልጅ ልጄ በዊንች እየተነሳ ብቻውን መብረር ጀምሯል። በትምህርት ቤት እረፍቱ ግን አስተማሪው በሁለት ሰው ባለሞተር ግላይደር አብሮት ራቅ ያለ በረራ ሊሄድ ቃል ገብቶለት ነበር። ልጁ ለዚያ ቀን ወር ሙሉ ሲዘጋጅ ከረመ። ካርታ ዘርግቶ ያጠናል፤ የአየር ትንበያ ያያል፤ ምግብ ላይ ሆኖም የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ቀኑ ደረሰ። እኔም በጠዋት ተነስቼ ዳቦ ቆርሼ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ አብሬ ሄድኩ። ሃንጋሩ ስንደርስ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። በባለሞተሩ ግላይደር መቀመጫ ፊት፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የልጅ ልጄ አነበበውና ፊቱ ተለዋወጠ። «ሞተሩን ማስነሳት የተከለከለ ነው» ይላል አለኝ።

ለምን እንደሆነ ክለቡ ውስጥ ያለው መካኒክ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ በእርጋታ አስረዳን። የዚያ ዓይነት ሞተር የሆነ ክፍሉ ላይ ጉድለት ስለተገኘ ክፍሉ በተሻሻለው እስኪቀየር ድረስ ሞተሩ እንዳይሠራ የሚያዝ ደብዳቤ መጥቷል። የልጅ ልጄ እየተረጎመልኝ ሳለ ራሱ ጣልቃ ገባ። «የኛ እኮ ምንም አልሆነም! ትናንት በደንብ ሠርቷል!»

ይህን ቃል ስሰማ ሰውነቴ ውስጥ አንድ ነገር ቅዝቅዝ አለብኝ። ለምን እንደሆነ ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

መመሪያ ይባላል እንጂ ትዕዛዝ ነው

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን መጠያየቅ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣ ነርስ ሥራ ፈት ነው፤ መጠየቅ ደግሞ ልማዴ ነው። የልጄ ባል የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነ የቴክኒኩን ነገር እሱ ያስረዳኝ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ በቀላሉ ይገባዎታል፤ ከሆስፒታል አሠራር ጋር አንድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

አንድ አውሮፕላን ወይም አንድ ሞተር ተሸጦ ወጣ ማለት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የትም አገር ችግር ሲታይ ለአምራቹና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይደረጋል። አምራቹ የቴክኒክ ማስታወቂያ ያወጣል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ችግሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ ካገኘው «የአየር ብቁነት መመሪያ» ያወጣል። በአውሮፓ ይህን የሚያደርገው ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮሎኝ ከተማ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ነው። ስሙ መመሪያ ይሁን እንጂ ምክር አይደለም፤ ትዕዛዝ ነው። በጊዜው ያልፈጸመ አውሮፕላን ለመብረር ብቁ አይደለም።

መመሪያው አራት ነገር ይናገራል። የትኞቹ ሞዴሎችና የትኞቹ ተከታታይ ቁጥሮች እንደሚመለከታቸው፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን መደረግ እንዳለበት፣ እስከ መቼ መደረግ እንዳለበት። አንዳንዱ «በሚቀጥሉት ይህን ያህል የበረራ ሰዓታት ውስጥ» ይላል። አስቸኳዩ ግን «ከሚቀጥለው በረራ በፊት» ይላል። አንዳንዱ እስከዚያው በየጊዜው እንዲመረመር ያዝዛል፤ መጨረሻ ላይ ክፍሉ ሲቀየር ምርመራው ያበቃል። እኛ ማስታገሻ እየሰጠን ኦፕራሲዮኑን እንደምንጠብቀው ማለት ነው።

በይፋ ከሚታወቁት አንዱን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሶሎ 2350 ሲ በሚባል የግላይደር ሞተር ላይ ዘንግ ተሰብሮ ፕሮፔለሩ መገንጠሉ ሪፖርት ተደረገ። እንዲህ ያለ ነገር አውሮፕላኑን ሊጎዳ ይችላል፤ መሬት ላይ ያለ ሰውንም ሊመታ ይችላል። የአውሮፓው ኤጀንሲ አስቸኳይ መመሪያ አውጥቶ ያ ሞተር እንዳይነሳ ከለከለ። አምራቹ የተሻሻለ ዘንግና ንዝረት የሚያበርዱ ተጨማሪ ክፍሎች አዘጋጀ። በ2014 ደግሞ ይህ ማሻሻያ የተገጠመለት ሞተር ወደ ሥራ የሚመለስበት መመሪያ ወጣ። አስቡት፣ ከአንድ ሞተር በደረሰ ሪፖርት ምክንያት የሌሎቹም ባለቤቶች ሁሉ «አቁሙ» ተባሉ።

ለምን ይህን ያህል? የልጄ ባል ቀጭን ሽቦ አምጥቶ አሳየኝ። አንዴ ብታጥፉት አይሰበርም። አሥሬ ወዲያ ወዲህ ስታደርጉት ግን ድንገት ቀጭ ይላል። ብረትም ይደክማል። ትንሽ ሞተር ሲንቀጠቀጥ፣ ቺንጋው ሲጎትት፣ ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር፣ ዘንጉ በየደቂቃው ሺህ ጊዜ ይጨነቃል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምርና በየበረራው በጥቂቱ ያድጋል። ከውጭ ሲታይ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ድምፁም ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉት የእንግሊዝ ጄቶች በአየር ላይ የተበታተኑት በዚሁ በብረት ድካም ነው። ስለዚህ «ትናንት ሠርቷል» ማለት «ስንጥቁ ትናንት አልጨረሰውም» ማለት እንጂ «ዛሬ አይጨርሰውም» ማለት አይደለም። የደም ግፊት ሕመምተኞቼ «ሲስተር፣ ምንም አይሰማኝም» ሲሉኝ የምመልስላቸው ይህንኑ ነበር።

የቤት ውስጥ ሙግት

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ቤቱ ተረበሸ። ልጁ ተኮሳትሮ ቁጭ ብሏል። «ወረቀት ነው እኮ! እዚህ አገር ለሁሉ ነገር ወረቀት ነው» ይላል። እናቱ ደግሞ ለካ ከቫሰርኩፐ ጀምሮ ስታብላላው የከረመችው ነበር፤ በሌላ በኩል ተነሳች።

«በቃ! ከዛሬ ጀምሮ በረራ የለም። አደገኛ ባይሆን ደብዳቤ አይጽፉም ነበር» አለች።

«እማዬ፣ ዊንቹ ግን ሞተር የለውም...»

«አልሰማም አልኩህ!»

ልጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። አባቱ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት አቀረቀረ። ልጄም ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ አንቺ ንገሪው። አንቺን ይሰማል» አለችኝ።

እኔ ግን ሁለቱም እንደተሳሳቱ ነበር የታየኝ። ልጁ ደብዳቤውን ናቀው፤ ልጄ ደብዳቤውን ፈራችው። ደብዳቤው ግን የሚናቅም የሚፈራም አይደለም፤ የሚፈጸም ነው። ይህን ለማስረዳት ለ40 ዓመት ያህል ለማንም ያልነገርኩትን መናገር ነበረብኝ። «ቁጭ በል አባቴ» አልኩት። ተቀመጠ።

ፋይል ውስጥ የገባው ደብዳቤ

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከተመረቅሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ቦታውን አልጠራውም። መብራት የለም። መቀሶቻችንን፣ መርፌዎቻችንን፣ የማዋለጃ ዕቃዎቻችንን የምንቀቅለው በምድጃ ላይ በሚጣድ አውቶክሌቭ ነበር። አውቶክሌቭ ትልቅ የግፊት ድስት ማለት ነው። ክዳኑ በብሎን ይታሰራል፤ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቆያል። ግፊቱ ከልክ ካለፈ የሚያስተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ ክዳኑ ላይ አለ።

አንድ ቀን ሰርኩላር ደብዳቤ ደረሰን። የዚያ ዓይነት አውቶክሌቭ ቫልቭ እየተጣበቀ ስላስቸገረ እስኪለወጥ ድረስ ዕቃው አገልግሎት ላይ እንዳይውል ይላል። ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ለኃላፊው አሳየሁት። አነበበውና «ሲስተር፣ ይሄን ብናቆም በምን ልናዋልድ ነው? ደግሞ ትናንት በደንብ ሠርቷል» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ምጥ የያዛት እናት ቫልቭ አትጠብቅም። እኔ ግን ማድረግ የምችለው ነገር ነበረኝ። ዕቃዎቹን በመኪና ወደ ሆስፒታል ልኮ ማስቀቀል ይቻል ነበር፤ መልስ ደብዳቤ ጽፎ ቫልቩ እንዲላክልን መወትወት ይቻል ነበር፤ ቢያንስ ቢያንስ ምድጃው አጠገብ የምትቆመውን ሰው «ተጠንቀቂ፣ እንዲህ የሚል ደብዳቤ መጥቷል» ማለት ይቻል ነበር። አንዱንም አላደረግሁም። ደብዳቤውን በስቼ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቁስል ሳጥብ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት። አውቶክሌቩን የምትጠብቀው የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። እንፋሎቱ በክዳኑ ጎን ፈንቅሎ ወጥቶ ቀኝ እጇንና አንገቷን ቀቅሏታል። ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰስኩባት እኔ ነኝ፤ ቁስሏን ለሁለት ወር ያጠብኩላት እኔ ነኝ። ተረፈች። ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፉም። በየቀኑ ቁስሏን ሳጥብላት «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደብዳቤው ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ሦስት እርምጃ ርቆ ፋይል ውስጥ እንደተኛ እያወቅሁ ዝም እላለሁ።

በኋላ ተዛውሬ ሄድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳጠያይቅ አርፋለች አሉኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሄደች።

ይህን ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ የሚናገር ጠፋ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። የልጅ ልጄም ቀና ሳይል «እማማ፣ ደብዳቤው እኮ ትክክል ነበር» አለኝ። «አዎ የኔ ልጅ። ደብዳቤው ትክክል ነበር። የጎደለው የሚፈጽመው ሰው ነው» አልኩት።

ወረቀት ብቻውን አያድንም

ስለ አውሮፕላንና ስለ ማሻሻያ ሲወራ እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስበው አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ 157 ሰዎች። ያን እሑድ ጠዋት የት እንደነበርን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2018፣ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2018 አስቸኳይ መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያው ግን አብራሪዎች የሚከተሉት አሠራር በበረራ መጽሐፋቸው ላይ እንዲጻፍ እንጂ ኤምካስ የሚባለው የአውሮፕላኑ ራስ ሰር ሥርዓት ራሱ እንዲሻሻል አላዘዘም። ሥርዓቱ እንዲሻሻል የግድ የሆነው በኅዳር 2020 ነው፤ በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ። አየር መንገዳችን ማክስን ወደ በረራ የመለሰው በየካቲት 2022 ነው።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ልዩነቱ ግልጽ እንዲሆን ነው። «ተጠንቀቁ» ማለትና የታመመውን ክፍል ማውጣት አንድ አይደሉም። ሐኪም ቤት ውስጥ «ወለሉ ያዳልጣል» ብሎ መለጠፍና ወለሉን ማድረቅ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ።

ክፍሉ ሲቀየር

የተሻሻለው ክፍል እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። በዚያ መካከል የልጅ ልጄ በዊንቹ ግላይደር መብረሩን እንዲቀጥል እናቱ ፈቀደችለት። ባለሞተሩን በተመለከተ ግን አንድ ሁኔታ አስቀመጠች። «ሥራው ተጠናቆ የተፈረመበትን መዝገብ ራሴ በዓይኔ ሳላይ አትሳፈርም» አለች። ልጁ ተስማማ። እኔም በሆዴ «ጎበዝ ልጄ» አልኩ። ፍርሃቷን ወደ ጥያቄ ለወጠችው።

ክፍሉ ሲመጣ መካኒኩ ጠራንና ሄድን። ሞተሩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሮጌውን ክፍል አጥቦ ቀይ ቀለም ቀባው፤ ጥቂት ጠብቆ ጠረገው፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ነፋበት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ቀለም ከስንጥቁ ውስጥ ተስቦ በነጩ ላይ እንደ ክር ይታያል አለን። እኔ ሳቄ መጣ። እኛስ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ስንሠራ የኮምጣጤ አሲድ ቀብተን አንድ ደቂቃ የምንጠብቀው ለዚሁ አይደል? የታመመው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለልጅ ልጄ ነግሬው ሲተረጉምለት መካኒኩ ራሱን ነቀነቀና እጄን ጨበጠኝ። «የሥራ ባልደረባ» አለኝ።

እኛ ያየነው አሮጌ ክፍል ላይ ቀይ ክር አልወጣም። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። «አየሽ? ምንም አልነበረውም» ሊል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እስካሁን አልጀመረውም ማለት ነው» አለ። መካኒኩም አሮጌውን ክፍል ማንም እንዳይጠቀምበት ምልክት አድርጎበት ለብቻው አስቀመጠው።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ሥራው በመዝገብ ተጻፈ። የመመሪያው ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ ቀኑ፣ ሞተሩ እስከዚያ የሠራበት ሰዓት፣ የፈቃድ ቁጥርና ፊርማ። ልጄ መስመር በመስመር እያነበበች ጠየቀች፤ መካኒኩ ሳይሰለች መለሰላት። እኛ ነርሶች «ያልተጻፈ አልተሠራም» እንላለን። እዚያም ያው ነው። የሚፈርመው ሰው «ይህ ቢሰበር ጠያቂው እኔን ያግኘኝ» ማለቱ ነው። እኔም በዚያች ቅጽበት የራሴን ፊርማ አስታወስኩ። ደብዳቤውን ስቀበል የፈረምኩትን።

ከዚያ ሞተሩ መሬት ላይ ተፈተሸ። ብዙም ሳይቆይ፣ ነፋስ በሌለበት ጥሩ ቀን፣ የልጅ ልጄ ከአስተማሪው ጋር ፓራሹቱን አስሮ ገባ። ሞተሩ ከሆዱ ብድግ አለ፤ ጮኸ፤ አውሮፕላኑ ሣሩን ትቶ ተነሳ። ልጄ ክንዴን ጨብጣኝ ነበር። ከፍ ካለ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ሞተሩ ታጥፎ ገባ፤ ዝም ብሎ እንደ ጭልፊት ዞረ። ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይተው ተመለሱ። ልጁ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እማማ፣ ዳቦ ተረፈ?» ብሎ ነው።

ለቤታችን ምን እንውሰድ?

አብዛኞቻችን ግላይደር አይኖረንም። ግን ደብዳቤው ወደ እኛም ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳይደርሰን ይቀራል።

መኪና ያላችሁ፣ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ጉዳይ ይመለከታችሁ ይሆናል። እነዚህ ከረጢቶች ሲነፉ የብረት ስብርባሪ ሊረጩ ስለሚችሉ በዓለም ላይ በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥሪ ዘመቻ ተካሂዶባቸዋል። በአሜሪካ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ የከረጢት መንፊያዎች እንዲቀየሩ ታዟል። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳንና ሌሎችም አሉበት። የጥሪ ደብዳቤ የሚላከው ግን ለተመዘገበ ባለቤት ነው። ያገለገለ መኪና ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ደብዳቤው አብሮት አይመጣም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የአምራቹን ወኪል ጠይቁ፤ ወይም ልጆቻችሁ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብተው እንዲያዩላችሁ አድርጉ። ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም።

በሲሊንደር ጋዝ የምታበስሉ፣ ቱቦውን እጠፉና እዩት። የተሰነጣጠቀ፣ የደረቀ ወይም የላላ ከሆነ ነገ አትበሉ። መፍሰሱን የምትፈትሹት በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት በጭራሽ! የግፊት ድስት ያላችሁ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ማስተንፈሻ ቀዳዳ በሽሮ ወይም በምስር እንዳትደፈን ሁልጊዜ እጠቡ፤ የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ቀይሩ። ማስተንፈሻዋን በጨርቅ ወይም በሌላ ነገር ማፈን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። አንድ መድኃኒት ከገበያ እንዲሰበሰብ ማስታወቂያ ሲወጣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥር ከቤታችሁ ካለው ጋር አስተያዩ። ስለዚህ ካርቶኑን አትጣሉ። «ትናንት ወስጄው ደህና ነኝ» አትበሉ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ የምትቀበሉ ደግሞ፣ በተለይ ወጣት የጤና ባለሙያዎች ልጆቼ፣ አንድ አደራ አለኝ። አንድ ዕቃ እንዲቆም ወይም እንዲሻሻል የሚያዝ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከፋይሉ በፊት ዕቃው አጠገብ ለምትቆመው ሰው አንብቡላት። ብዙ ጊዜ እሷ ደሞዟ ትንሽ ነው፤ ስብሰባ ላይ አትጠራም፤ ደብዳቤ ማንበብም ላትችል ትችላለች። እንፋሎቱ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። የልጅ ልጄ ይህን ተረት አስተምሬው በጀርመንኛ ሊተረጉመው ሞክሮ አቃተው። «ግን ገብቶኛል» አለኝ። ከዚህ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን ዛሬ ለእናንተ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ሰው የለችም፤ ልጆቿ ይህን ጋዜጣ ካነበቡ ግን፣ እናታችሁን የጎዳት ዕድል ብቻ እንዳልነበር ይወቁልኝ። ይቅር በሉኝ።

ደህና ሰንብቱ።